ሽፍታው ሃከር እና ባላገሩ

ዲሴምበር 20 ቀን 2013 (በዚህ ጽሑፍ ወሩም ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች ሦስት ጊዜ ወጥመድ ተዘረጋላቸው። አንደኛው በስካይፕ የተላከ ፋይል ነበር፤ ለጣቢያው የተዘጋጀ መጣጥፍ መስሎ የመጣ። የከፈተው ሰው መጣጥፍ አያገኝም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሸሽጎ የሚተይበውን የሚቀዳ፣ ንግግሩን የሚያዳምጥ፣ የይለፍ ቃሉን የሚለቅም ሰላይ ሶፍትዌር ግን ይገባለታል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ፋይሎቹን መርምሮ በፌብሩዋሪ 2014 ሪፖርት አወጣ፤ ሶፍትዌሩ ሚላን ከተማ የነበረው የሃኪንግ ቲም ኩባንያ ምርት እንደሚመስልም ገለጸ። ኩባንያው ደንበኞቼን በስም አልጠራም አለ። የኢትዮጵያ መንግሥትም አስተባበለ። ነገሩ “አደረጋችሁ”፣ “አላደረግንም” እየተባለ በዚያው ቀረ።

ጁላይ 5 ቀን 2015 ሌሊት የሃኪንግ ቲም የትዊተር ገጽ በሌላ ሰው እጅ ገባ። የገጹ ስም ተቀየረና ማንም ሊያወርደው የሚችል 400 ጊጋባይት ሰነድ ተለቀቀ፤ ኢሜይሉ፣ ደረሰኙ፣ ውሉ፣ የሶፍትዌሩ ኮድ ሳይቀር። በደንበኞች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢንሳ፣ ተገኘ። የሱዳን የስለላ መሥሪያ ቤትም ነበረበት። ከኢሜይሎቹ በአንዱ የኩባንያው ሰዎች ኢንሳን ሲወቅሱት ይነበባል። የወቀሳው ፍሬ ነገር ጋዜጠኛ ለምን ሰለላችሁ አይደለም፤ በግዴለሽና በዝርክርክ አጠቃቀማችሁ አጋለጣችሁን የሚል ነው። ሲካድ የከረመው ነገር በገዛ ራሳቸው ጽሑፍ ተረጋገጠ።

ይህን ያደረገው ፊኒያስ ፊሸር በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሃከር ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ፊንፊሸር የተባለውን ሌላ ሰላይ ሶፍትዌር ይሸጥ በነበረው ጋማ ኩባንያ ላይም እንዲሁ አድርጓል። የጣሊያን ዐቃቤ ሕግ ፈልጎ አላገኘውም። ሰው ቤት ሰብሮ መግባት፣ የሰው ደብዳቤ መዝረፍና አደባባይ ላይ መበተን በየትኛውም አገር ሕግ ወንጀል ነው። ስልካቸውና ኮምፒውተራቸው ለተጠለፈባቸው ኢትዮጵያውያን ግን እውነቱን በእጃቸው ያስገባላቸው ይህ ሕገ ወጥ ሰው ነው። እና ምን እንበለው?

የእኛ ሰው ሽፍታን ሲመዝን ኖሯል። በአገረ ገዥ ተበድሎ፣ ርስቱን ተነጥቆ፣ ፍርድ አጥቶ ዱር የገባ ሁሉ አንድ ስም አልነበረውም። አንዱን ባላገሩ ያበላዋል፣ ይደብቀዋል፣ ይዘፍንለታል፤ ሌላውን ራሱ ባላገሩ ይጠቁምበታል። ሁለቱም ሕግ ጥሰዋል፣ ሁለቱም ተበድለናል ይላሉ። የሚለያቸው በመንደሩ ሲያልፉ የባላገሩ ጎተራና በረት ምን ሆነ የሚለው ነው። በቋራ በረሃ የሸፈተው ካሳ ኃይሉ በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ “ሽፍታ ነበር” የሚለው ታሪክ ዙፋኑን አልከለከለውም። እኔም የኮምፒውተሩን ሽፍታ የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። ሕግ መጣሱንና አለመጣሱን ዳኛ ያየዋል። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ዕዳው በማን ላይ ወደቀ የሚለው ነው፤ በጉልበተኛው ላይ ወይስ በነገሩ የሌለበት ምስኪን ላይ?

የሃከር ባህል ሲወለድ ከዱር ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሞዴል ባቡር ክበብ ውስጥ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት። ለባቡሮቻቸው መቆጣጠሪያ ሽቦ ሲያገናኙ የቆዩት ልጆች ኮምፒውተር ሲመጣ እንቅልፍ አጡ። ሌሊት ማሽኑ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ይሠራሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ ተቆልፎበት ካገኙ ቁልፉን ከፍተው ይወስዳሉ። ስቲቨን ሌቪ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ልጆች እምነት በጥቂት መርሆች ሰበሰበው፤ ኮምፒውተር ለማንም ክፍት ይሁን፣ መረጃ ነፃ ይሁን፣ ሥልጣንን አትመኑ፣ ሰውን በዲግሪው፣ በዕድሜው፣ በዘሩ ወይም በማዕረጉ ሳይሆን በሥራው መዝኑ። እነዚህ መርሆች ዛሬም ያምሩኛል። በተለይ የመጨረሻው፣ ወረቀትና ዘመድ የሌለው ጎበዝ ልጅ በችሎታው ብቻ እንዲከበር የሚያደርግ መርሕ ነው። የጎደላቸው ግን አለ። በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው መረጃ የሰው ሊሆን እንደሚችል አንዳቸውም አያነሱም። በዚያ ዘመን በኤምአይቲ ኮምፒውተር ውስጥ የሕመምተኛ ካርድ ወይም የእናት የባንክ ደብተር አልነበረም። ሥነ ምግባሩ የተጻፈው ባላገር በሌለበት አገር ነው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስልክ የሚጠልፉት መጡ። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ የረጅም ርቀት መስመሮቹን የሚያዘው በድምፅ ነበር፤ 2600 ኸርዝ የሆነ ፉጨት መስመሩን ነፃ ያደርገዋል። ማየት የተሳነውና ድምፅ የመለየት ልዩ ተሰጥኦ የነበረው ጆ ኢንግሬሲያ በአፉ እያፏጨ መስመሩን ከፈተ። ጆን ድሬፐር በቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ እንደ ስጦታ በሚገባ የልጆች ፊሽካ ያንኑ አደረገ። ስቲቭ ዎዝኒያክና ስቲቭ ጆብስ አፕልን ከመመሥረታቸው በፊት ይህን ድምፅ የሚያወጣ ሣጥን ሠርተው ለተማሪዎች ሸጠዋል። “የምንሰርቀው ግዙፉን ኩባንያ ነው፣ ማንም አልተጎዳ” የሚለው ክርክር ሥር የያዘው እዚህ ነው። ለፉጨቱ ዘመን ክርክሩ ብዙም ሐሰት አልነበረም። በኋላ የመጡት ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላም ይዘውት ዞሩ።

የጎደለውን ለመሙላት ከሌሎች ይልቅ የደከሙት ጀርመኖች ናቸው። በ1981 በርሊን ውስጥ የተመሠረተውና ዋው ሆላንድ የመራው ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የአገሪቱ ፖስታ ቤት ቢቲኤክስ የተባለውን የመረጃ አገልግሎቱን “አስተማማኝ ነው” እያለ ሲያስተዋውቅ ክፍተቱን አገኘ። በኖቬምበር 1984 አንድ ሌሊት የሐምቡርግ ቁጠባ ባንክን መለያ ተጠቅመው የራሳቸውን የሚከፈልበት ገጽ ደጋግሞ የሚጠራ ፕሮግራም ለቀቁ። አንዱ ጥሪ 9 ማርክ ከ97 ነው። ሲነጋ ባንኩ ለክለቡ 135,000 ማርክ ገደማ ዕዳ ነበረበት። ክለቡ ይህን ገንዘብ ምን እንዳደረገው ልብ በሉ። አልወሰደውም። ጋዜጠኞችን ጠርቶ እንዴት እንደሠራው በይፋ አስረዳ። የአንድም አስቀማጭ ደብተር አልተነካም፤ ፖስታ ቤቱ ግን ሲኩራራበት የነበረው ነገር ባዶ መሆኑ ታየ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው አካባቢ ሌላ መልኩን አሳየ። ካርል ኮኽ የተባለ የሃኖቨር ወጣትና ጓደኞቹ የአሜሪካ ኮምፒውተሮችን ሰብረው ያገኙትን ለሶቪየቱ ኬጂቢ ሸጡ። እነርሱን ያሳደደው ክሊፎርድ ስቶል በ1986 በካሊፎርኒያ አንድ ቤተ ሙከራ ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት ያየ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። ከዚያች ጉድለት ተነሥቶ ዱካውን እስከ ጀርመን ተከተለው። ኮኽ በ1989 በ23 ዓመቱ ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ክለቡ በዚያ አስርት ዓመት በሌቪ መርሆች ላይ ሁለት ጨመረባቸው፤ የሰውን መረጃ አታበላሽ፣ የሕዝብ የሆነውን መረጃ ግለጥ የግል የሆነውን ጠብቅ። እስከ ዛሬ በሃከሮች መካከል ከተጻፈው ሁሉ ትልቁ ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። መንግሥት ይታይ፣ ዜጋ ይከበር ማለት ነው። የስለላው ዓለም አሠራር ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው።

ክፋት ሳይኖርም ባላገር ሊጎዳ እንደሚችል ያሳየው ሮበርት ሞሪስ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ራሱን እያባዛ የሚጓዝ ፕሮግራም በኢንተርኔት ለቀቀ። መረጃ አይሰርቅም፣ ፋይል አያጠፋም። ፕሮግራሙ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ አስቀድሞ እዚያ መኖሩን ይጠይቃል፤ “አለሁ” ቢባልም የማሽኑ ባለቤት እያታለለ ሊሆን ይችላል በሚል ስጋት ከሰባት አንዴ ግን ሳይሰማ ይገባል። ያቺ ከሰባት አንዷ በቂ ሆነች። ማሽኖቹ በራሱ ቅጂ ታንቀው ቆሙ፤ በጊዜው በነበረው ግምት 6,000 ያህል፣ ከጠቅላላው አሥር በመቶ። ሞሪስ ደነገጠ፤ ጓደኛው ስም ሳይጠቅስ ይቅርታና የማስቆሚያ መመሪያ ቢልክም መረቡ ራሱ ተዘግቶ ስለነበር መልእክቱ በጊዜ አልደረሰም። ሞሪስ በ1990 ተፈረደበት፤ ሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር። በኋላ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ማወቅ ፈለግሁ ማለት መልካም ነው፤ ማወቂያው የሌላ ሰው ማሽን ከሆነ ግን ሙከራው ሲከሽፍ የሚከፍለው ያ ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን ለሽፍቶቹ መመስከር ይገባል፤ ሕጉም ብዙ ጊዜ ከልክ አልፎባቸዋልና። በ1990 ክሬግ ናይዶርፍ የተባለ የኮሌጅ ተማሪ ስለ አሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ አገልግሎት የሚያስረዳ፣ ከስልክ ኩባንያ የወጣ ሰነድ በሚያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ መጽሔት ላይ በማተሙ ተከሰሰ። ኩባንያው የሰነዱን ዋጋ 79,449 ዶላር ነው አለ። ችሎቱ ላይ ተመሳሳይ መረጃ ያለበትን ጽሑፍ ራሱ ኩባንያው ለማንም ጠያቂ በ13 ዶላር እንደሚሸጥ ሲታወቅ ክሱ ፈረሰ። የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተመሠረተው በዚያው ዓመት፣ በዚሁ ዓይነት ክስ በተነሣ ቁጣ ነው።

የአሮን ስዋርትዝ ነገር ደግሞ ዛሬም ያንገበግበኛል። ወጣቱ በኤምአይቲ መረብ በኩል ጄስቶር ከተባለው የምርምር መጽሔቶች ማከማቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አወረደ፤ ለሕዝብ ግን አልበተናቸውም። ጄስቶር ጉዳዩን በስምምነት ጨርሶ ክሱ ይቀጥል አላለም። ዐቃቤ ሕግ ግን በአሥራ ሦስት የወንጀል ክስ አስርት ዓመታት የሚያስቀጣ ፋይል ይዞ ገፋበት። ጃንዋሪ 11 ቀን 2013 ስዋርትዝ በ26 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። የጎደለ ጎተራ አልነበረም፤ ማንም አልተራበ። እንዲህ ያለውን ሰው ከዘራፊ እኩል የሚቀጣ ሕግ ወጣቶች ለሕግ ያላቸውን አክብሮት ራሱ ይሰብረዋል።

ወደ ፊኒያስ ፊሸር ልመለስ፤ ከባዱ ጉዳይ እርሱ ነውና። ለእርሱ የሚቆመው ትልቁ ክርክር ሕጋዊው በር ተዘግቶ ነበር የሚለው ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በሜሪላንድ የሚኖር፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ ላይ የፊንፊሸር ሰላይ ሶፍትዌር ተገኘበት። ለደኅንነቱ ሲል ኪዳኔ በሚል ስም የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለወራት የስካይፕ ንግግሩ ሲቀዳ ነበር፤ የቤተሰቡ አጠቃቀም ጭምር። በማርች 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩን ሳያይ ጉዳዩን ዘጋው። ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ ትእዛዙ ከውጭ ነው የመጣው፤ ስለዚህ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ይጠብቀዋል አለ። በራሱ ሳሎን ተቀምጦ የተሰለለ ሰው ሳሎኑ ባለበት አገር ዳኛ አጣ። ሰው ፍርድ ሲያጣ ሽፍታን ቢያመሰግን አይገርምም።

የሚያመሰግን ሰው ግን ሙሉውን ሒሳብ ይይ። ፊሸር የለቀቀው ሰነድ ኢሜይልና ውል ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ሰዎችን ሰብሮ ለመግባት የሚጠቀምባቸው፣ ገና ማንም ያላወቃቸውና ማስተካከያ ያልተሠራላቸው፣ የአዶቤ ኩባንያ ፍላሽ የተባለ ፕሮግራም ክፍተቶችም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ወንጀለኞች በቀናት ውስጥ አንሥተው ከራሳቸው መሣሪያ ጋር አዋሃዷቸው። አዶቤ ማስተካከያ እስኪያደርስ፣ ካደረሰም በኋላ ኮምፒውተራቸውን ያላደሱ ብዙ ሰዎች ተጋልጠው ቆዩ። እነዚህ ሰዎች ሃኪንግ ቲምን አያውቁም፤ ስለ ኢሳትም ሰምተው አያውቁም። የባላገሩ ጎተራ ማለት ይህ ነው። ውሉንና ኢሜይሉን ለይቶ ለጋዜጠኞች መስጠት፣ ክፍተቶቹን ደግሞ አስቀድሞ ለአዶቤ ማሳወቅ ይቻል ነበር። ሰነዱን ሁሉ ማጉረፍ ፍጥነትና ድምፅ አለው፤ ያንን ድምፅ ግን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። መጋለጡ ስለላውን አላቆመውም። በዲሴምበር 2017 ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሌላ ሪፖርት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ መሪ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ፣ በ2016 እና 2017 ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ተነጣጥሮባቸው እንደነበር አረጋገጠ። ሻጩ ከሚላን ወደ እስራኤል ተቀየረ እንጂ ገዥው ግዢውን አልተወም። የሲቲዝን ላብ ሰዎች ይህን ሁሉ ያገኙት የማንንም በር ሳይሰብሩ፣ ተጎጂዎቹ የሰጧቸውን ፋይል በመመርመርና ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ የተገኘውን በማንበብ መሆኑን አትርሱ። ኢሳትን በሚመለከት እንኳ እውነቱን መጀመሪያ የተናገሩት እነርሱ ናቸው፤ ሽፍታው በአሥራ ሰባት ወር ዘግይቶ ማረጋገጫ አመጣ። ስለዚህ የእኔ ፍርድ የተከፈለ ነው። ፊሸር ሰነዱን ማውጣቱ ትክክል ነው፣ ለተሰለሉት ወገኖቻችን ውለታ ነው። ክፍተቶቹን ማጉረፉ ግን ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያው መልካምነት ሁለተኛውን አያጥበውም።

በሚዛኑ ሌላ ጫፍ ያለውን ለማየት ወደ ፊንላንድ መሄድ ያስፈልጋል። ቫስታሞ በአገሪቱ ብዙ ቅርንጫፍ የነበረው የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል ነበር። ዳታቤዙ በአግባቡ ሳይጠበቅ ለኢንተርኔት ተጋልጦ ቆይቶ ተዘረፈ። በ2020 ወንጀለኛው ኩባንያው 40 ቢትኮይን እንዲከፍለው ጠየቀ። ሲከለከል ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። ወደ 33,000 የሚጠጋ ሰው መረጃው ወጥቶበታል። ለሺዎች በየግላቸው ኢሜይል ደረሳቸው፤ በ24 ሰዓት 200 ዩሮ በቢትኮይን ክፈል፣ ካለፈ 500 ይሆናል፣ ካልከፈልክ ለሐኪምህ የነገርኸው ሁሉ ይወጣል የሚል። በልጅነቱ የተደፈረ፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው በዝግ ክፍል ለአንድ ሐኪም ብቻ የተናገረው ነገር ነው የተቀማው። ፍርድ ቤት በ2024 ተከሳሹን ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ፈረደበት። ይህ ሰው በጉርምስናው ሊዛርድ ስኳድ በተባለ፣ የቪዲዮ ጨዋታ መረቦችን በማቋረጥና በማላገጥ በታወቀ ቡድን ውስጥ የነበረ ነው። በጉርምስና “ለሳቅ ነው” እያሉ የሰውን ሥቃይ መናቅ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ታይቷል።

“በሩ ክፍት ነበር” የሚለው መልስ በዚህ ባህል ውስጥ ብዙ ይደመጣል። የማዕከሉ ቸልተኝነት እውነት ነው፤ የሰው ምስጢር የያዘ ተቋም በሩን ክፍት አድርጎ ቢዘረፍ ተዘራፊ ብቻ ሳይሆን ተጠያቂም ነው። የተከፈተው በር ግን ለገባው ሰው ፈቃድ አይሆንም። ይህን በአገራችን በ2024 አይተነዋል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ የማርች ሌሊት በተፈጠረ ስህተት ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሌሊቱን ሲንጋጉ አደሩ፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። አንድም ሃከር አልነበረም፤ ፈተናው ግን የሃከሩ ፈተና ነው። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተመልሷል። መላሾቹ የመለሱት ሲስተሙ ስለከለከላቸው አይደለም፤ የፈራም ያፈረም ወላጅ የመከረውም አለበት፣ ሁሉም ግን ገንዘቡ የእነርሱ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ከዱር ሆነው ዱሩን የገሠጹም አሉ። በ1998 መጨረሻ ሊጅንስ ኦፍ ዘ አንደርግራውንድ የተባለ የሃከሮች ቡድን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት በኢራቅና በቻይና ላይ “ጦርነት” አወጀ፤ የሁለቱንም አገሮች የኮምፒውተር መረብ እናወድማለን አለ። በጃንዋሪ 1999 ኬኦስ ክለብ፣ ከልት ኦፍ ዘ ዴድ ካው፣ ሎፍትና ሌሎች ስመ ጥር ቡድኖች በአንድነት አወገዙት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ለመብት እንቆማለን የሚል ሰው የአንድን ሕዝብ የመገናኛ መረብ ሊያወድም አይችልም። ቡድኑ አዋጁን ሳበ። ለዚህ ፖሊስ አላስፈለገም።

ክፍተት አግኝተው በአግባቡ የጠቆሙም አሉ። ዳን ካሚንስኪ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ በ2008 መላው ኢንተርኔት ስምን ወደ አድራሻ በሚተረጉምበት ሥርዓት ውስጥ መሠረታዊ ክፍተት አገኘ። በዚያ ክፍተት የማንኛውንም ባንክ ገጽ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ማዞር ይቻል ነበር። በዓለም ገበያ ዋጋው ሊገመት አይችልም። እርሱ ግን ለጥቂት ባለሙያዎች ነገረ፤ በማርች መጨረሻ በማይክሮሶፍት ግቢ ተሰብስበው መከሩ፣ ምስጢሩን ለወራት ይዘው ጁላይ 8 ቀን ብዙ አምራቾች በአንድ ቀን ማስተካከያ አወጡ። ዛሬ ክፍተት ለሚጠቁም የሚከፍሉ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ጎግልም የሚያገኘውን ክፍተት ለአምራቹ ነግሮ ማስተካከያ እንዲያወጣ 90 ቀን ይሰጣል። ቀነ ገደቡ አስፈላጊ ነው። ኩባንያ ካልተገደደ ይተኛል።

ሰውንም ከአንድ ሥራው ብቻ መመዘን አይገባም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሜይ 12 ቀን 2017 የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሲያሽመደምድ (በኋላ በተሠራ ስሌት ወደ 19,000 ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል) ያስቆመው ማርከስ ሃቺንስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ነው። በኮዱ ውስጥ ያየውን ያልተያዘ የድረ ገጽ ስም በአሥር ዶላር ገደማ አስመዘገበው፤ ቫይረሱም መስፋፋቱን አቆመ። ከሦስት ወር በኋላ ላስ ቬጋስ ላይ ተያዘ፤ በጉርምስናው ባንክ የሚዘርፍ ማልዌር ጽፎ ነበር። ጥፋቱን አመነ። በ2019 ዳኛው ከዚያ በፊት የታሰረው ይበቃዋል ብሎ አሰናበተው። የጥንት ጥፋቱንና የኋላ ውለታውን አንድ ላይ ያየ ፍርድ ነው፤ ትክክለኛ ፍርድ ይመስለኛል።

ዋናክራይ የተጠቀመው መሣሪያ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሠርቶ ለዓመታት ለራሱ የደበቀው፣ በኋላም ተሰርቆ አደባባይ የወጣ ነበር። መንግሥት ክፍተቱን እያወቀ ለስለላ ሲል ዝም ካለ፣ የዜጋው ኮምፒውተር ሳይጠገን ቆየ ማለት ነው። ኢንሳና መሰሎቹ ሶፍትዌሩን ከሃኪንግ ቲም ሲገዙም የገዙት ያልተጠገነ ክፍተት ነበር። ሕጋዊ ደረሰኝ ነበረው እንጂ ሥራው ያው ሰብሮ መግባት ነው። ስለ ሽፍታው ኃላፊነት ብቻ ተነጋግሮ ስለዚህ ገበያ ዝም የሚል ሥነ ምግባር ግማሽ ሥነ ምግባር ነው።

በእኛ አገር ወጣቱ ከየት ይጀምራል? በ2014 የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ሲከሰሱ በኢንተርኔት ራስን መጠበቅ የሚያስተምር፣ ለማንም ክፍት የሆነ “ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ” የተባለ መማሪያ ላይ ሥልጠና መውሰዳቸው በሽብር ክሱ ውስጥ ተጠቀሰ። በ2015 ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ሌሎቹ ከሽብር ክሱ ነፃ ተብለው ወጡ። ግን የይለፍ ቃልን መጠበቅ መማር እንደ ወንጀል በታየበት አገር የኮምፒውተር ደኅንነት ማወቅ የሚፈልግ ልጅ ምን እንደተማረ መገመት አያዳግትም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (የአዋጁ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በእስራት ይቀጣል፤ መቅጣቱም ተገቢ ነው። ኢንሳ በቅርብ ዓመታት ተሰጥኦ ያላቸውን ታዳጊዎች በክረምት እየሰበሰበ ያሠለጥናል፤ ይህም መልካም ነው። በአንድ ባንክ ወይም በአንድ ሆስፒታል ሲስተም ላይ ክፍተት ያየ ልጅ ግን ሄዶ የሚነግረው ለማን ነው? የሚነገረው አካል የዜጎችን ኮምፒውተር ለመስበር ገንዘብ ከፍሎ ከታወቀ፣ ልጁ በሙሉ እምነት የሚሄድበት ቤት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ክፍተት አይቶ ምንም ሳይወስድ፣ ምንም ሳያበላሽ፣ ለባለቤቱ የጠቆመ ሰው እንደማይከሰስ ሕጋችን በማያሻማ አንቀጽ ይጻፈው፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 በቅን ልቦና የሚመረምሩትን እንዳይከስስ ለዐቃቤ ሕጎቹ መመሪያ ሰጥቷል፣ ቤልጂየምም በ2023 በሕግ ደንግጋለች። ጥቆማውን የሚቀበለው ክፍል ከስለላው ሥራ የተለየ ይሁን። ባንኮቻችንና ሆስፒታሎቻችን “ክፍተት ካያችሁ እዚህ ንገሩን” የሚል አድራሻ በገጻቸው ላይ ያኑሩ። ችሎታው ላላችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ ከሚላኑ ሰነድ የባሰ ምስጢር አንድ ቀን በእጃችሁ ሊገባ ይችላል። ያን ቀን ለጋዜጠኛ የሚሆነውን ለጋዜጠኛ፣ ለአምራቹ የሚሆነውን ለአምራቹ ለዩ፤ የሕመምተኛውን ካርድ ግን ከፍታችሁ አትዩት።